ሁለት ኤከር ጎመን፣ አራት ገጽ ንግግር

የሻሽወርቅ ከጋሼ ሃሪ ጋር የተዋወቀችው ማንም ሳይሾማት የሰው ቲማቲም ዘበኛ ሆና ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2008፣ ወሩ ነሐሴ፣ ቀኑ እሑድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከምትኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታ ለአንድ የክርስትና ግብዣ ካውንቲ ወደሚሉት ወረዳ ሰሜን ስትነዳ መንገድ ጠፋት። ሕንጻው አለቀ፣ ሱቁ አለቀ፣ የትራፊክ መብራቱም አለቀ፤ ግራና ቀኙ በቆሎ ብቻ ሆነ። መኪናዋን ልታዞር ጥግ ስትይዝ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አየች። ጠረጴዛው ላይ ቲማቲምና ዱባ ተደርድሯል፤ አጠገቡ ክዳኑ የተበሳ ቆርቆሮ አለ። ሰው ግን የለም።

እዚያ አካባቢ ገበሬ ያመረተውን መንገድ ዳር ትቶ ይሄዳል፤ ገዢውም የሚገባውን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቶ የፈለገውን ይወስዳል። የሻሽወርቅ ይህን ከየት ታውቀዋለች? አሜሪካ ከገባች ጀምሮ አሥር ዓመት የሠራችው ፓርኪንግ ጋራዥ መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ነው። እዚያ ያለ ጠባቂ የሚተው ነገር የለም። «ውይ ምስኪን! አንዱ ድንገት አሞት ጥሎት ሄዷል» አለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ጠረጴዛው ዘንድ ቆመች። አምስት መኪኖች መጡ። አምስቱንም «ባለቤቱ የለም፣ አይነካም» ብላ አባረረች። የክርስትናው ግብዣም እሷ ሳትደርስ ተበላ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ በትራክተር መጡ። ገና ሳይወርዱ ጀመረቻቸው። ንብረት እንዲህ ይጣላል ወይ፣ ሌባ ቢመጣስ፣ ለመሆኑ ቤትዎ ሰው የለም ወይ? የየሻሽወርቅ እንግሊዝኛ ንዴት ሲጨመርበት ይቀናዋል። ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡ፤ ነገሩ ሲገባቸው ኮፍያቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ስማቸው ሃሪ ነበር፤ እሷ ግን ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሰው በባዶ ስም መጥራት ነውር ስለሆነባት «ጋሼ ሃሪ» አለቻቸው። እሳቸውም ጋሼ ማለት ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ወደዱት።

የዚያን ቀን ቲማቲሙን በሙሉ ጫኑላት። ልትሄድ ስትል ከቤታቸው ጀርባ አረም የወረሰው መስክ አየችና ምን እንደሚዘሩበት ጠየቀቻቸው። ጉልበት ስለሌላቸው ምንም እንደማይዘሩበት ነገሯት። «ታዲያ ለኔ ለምን አያከራዩኝም?» አለች። ቃሉ ከየት እንደወጣ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እሳቸው ግን ሁለት ኤከር፣ ሄክታር የማይሞላ ቦታ፣ አከራዩዋት።

መቼም መሬት ቆፍራ ታውቃለች እንዳትሉ። አራት ኪሎ ተወልዳ ያደገች የከተማ ልጅ ናት። መሬትን የምታውቀው በወረቀት ነው። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ በፕላን መዝገብ ቤት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ፋይል ስታወጣና ስታገባ ኖራለች። በዚያ መዝገብ ቤት ካርታዎች እርሻ አረንጓዴ ይቀባል፣ መኖሪያ ቢጫ። አረንጓዴ ሆኖ ገብቶ ቢጫ ሆኖ የወጣ ፋይል ቁጥር የለውም። ቢጫ ሆኖ ገብቶ አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ግን በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አላጋጠማትም። ያን ጊዜ ይህ ነገር አላሳዘናትም፤ ፋይል ፋይል ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጎመኗን አጋዘን በላው። ሁለተኛውን ዘር በጣም አጠጋግታ ዘርታው እርስ በርሱ ተናንቆ ቀረ። ጋሼ ሃሪ አጥር ማጠሩን፣ መደብ ማውጣቱን፣ ውሃ በጠዋት ማጠጣቱን አሳዩዋት፤ እሷም ስትሳሳት ይስቃሉ፣ ሲስቁ ትቆጣቸዋለች። በዚያው ዓመት ጋራዡ ውስጥ ያለችበትን ሳጥን አንስተው በቦታው ማሽን ተከሉ። ጓደኞቿ ሊያጽናኗት ቢመጡ ቤቷ አጧት። መስክ ላይ ነበረች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ለራሷ እየዘፈነች። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ሥራዋን ያጣች ሴት እንዲህ ደስ ሲላት አይተው «ነካ አደረጋት እንዴ?» ተባባሉ።

አልነካትም። ሥራዋን ገና ማግኘቷ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ኤከር ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ሆነ። የሲልቨር ስፕሪንግም የጎረቤቷ ከተማ የአሌክሳንድሪያም የሀበሻ ምግብ ቤቶች አርብ አርብ ይጠብቋታል። ቅዳሜ ደግሞ የማርያም ማኅበርተኞቿ በቤተ ክርስቲያኑ ቫን ተጭነው ይመጣሉ፤ ደቦ ነው። ሴቶቹ ይኮተኩታሉ፣ ወንዶቹ እንዴት እንደሚኮተኮት ያስረዳሉ። ጋሼ ሃሪ ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ሁሉንም ያያሉ።

በ2013 ሚያዝያ ላይ ማቲያስ «ጉድ ኒውስ» ይዞ መጣ።

ማቲያስ የሟች እህቷ ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መጥቶ አራት ዓመት ሶፋዋ ላይ ተኝቶ ኮሌጁን ጨርሷል። አሁን አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሪልተር ነው፤ ቤት መሸጥ ይችልበታል፣ ሲናገር ደግሞ ሰው ሳያስበው አንገቱን ይነቀንቅለታል።

«እታለም፣ እዚያ አንቺ የምትሠሪበት ሮድ ላይ ሦስት መቶ ታውንሃውስ፣ ያው ተያይዘው የሚሠሩት ቤቶች፣ ሊሠሩ ነው! ለሀበሻው የምሸጠው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ላንቺ ነው ሆልድ የማደርግልሽ።»

የሻሽወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሱ ደስ ብሏት መሰለው።

«አሁን ያለው ዞኒንግ፣ የመሬቱ ምደባ፣ እርሻ ነው። በሃያ አምስት ኤከር አንድ ቤት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቤቶቹን የሚሠራው ቢልደር ግን ዞኑ ይቀየር ብሎ አፕላይ አድርጓል። ሰኔ ላይ ሂሪንግ አለ፣ ሕዝብ ይናገራል፣ ከዚያ የካውንቲው ካውንስል ቮት ያደርጋል። አለቀ!»

«ጎመኔስ?» አለች።

ማቲያስ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን አየ። እውነቱን ለመናገር፣ ጎመኑና ታውንሃውሱ አንድ ቦታ ላይ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያሰበው። ቤት ሻጭ መሬትን የሚያየው ከላዩ ያለውን ጠርጎ ነው። «እታለም፣ ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አላሳመነም።

በማግሥቱ ጋሼ ሃሪ ዘንድ ሄደች። ሰውየው አልደበቋትም። «ሰማንያ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ልጆቼ ካሊፎርኒያ ናቸው፣ ማረስ የሚፈልግ የለም» አሏት። «ዞኑ ከተቀየረ እሸጣለሁ፤ ውሉን ፈርሜያለሁ። ካልተቀየረ ውሉ ይፈርሳል፣ አንቺም ታርሻለሽ።» ሲናገሩ አላዩዋትም፤ ወደ መስኩ ነበር የሚያዩት። እሷም አልተቀየመቻቸውም። ያረጀ ሰው እግሩን የሚዘረጋበት ቢፈልግ ምን ይባላል?

ማኅበሩ ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የዚያ ታውንሃውስ ፈላጊ ነው፤ መብቱም ነው። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚኖር ሰው ቤት አይፈልግ ሊባል ነው? አረጋሽ፣ የየሻሽወርቅ የልብ ጓደኛ፣ የመጋረጃ ቀለም መርጣ ጨርሳለች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሁለቱ ለሦስት ሳምንት ስለዚህ ጉዳይ ቃል ሳይተነፍሱ ጎን ለጎን ሲኮተኩቱ ከረሙ።

የሻሽወርቅ ንግግሯን በአማርኛ ጻፈች፤ አራት ገጽ ሞላ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ቤዛዊት ወደ እንግሊዝኛ ልትመልስላት ተቀመጠች። ቤዛዊት አማርኛ በቅጡ ስለማታነብ እናት ታነባለች፣ ልጅ ትጽፋለች። ሦስት ገጽ እንደጨረሱ የልጅቱ ፈተና ደረሰ።

«ማሚ፣ ሊስን፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡሽ። ስትሬት ወደ ፖይንቱ ግቢ፣ ኦኬ? አራተኛው ገጽ ይቅር።»

«አራተኛውማ ዋናው ነው።»

«እሱን አስቀድሚዋ!»

«ሰላም ሳልል? ምን ያስደነብረኛል?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ያደገች ሴት ናት፤ ልጅቱ ተስፋ ቆርጣ ሄደች።

የሂሪንጉ ቀን ከቀትር በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ቫን ካውንስሉ ሕንጻ በር ላይ ቆመ። ሰው ሸንጎ ብቻውን አይሄድም፤ አጀብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማኅበርተኛው አሥራ አንድ ሆኖ መጣ፤ ቤት የሚፈልገውም፣ ጎመን የሚፈልገውም። አረጋሽ ሳትቀር ነጭ ለብሳ መጥታለች። በሩ ላይ አንዲት ወጣት መዝገብ ይዛ ስም ትጠይቃለች። የመጡት ሰዎች መዝገቡን እንደ ለቅሶ ቤት መዝገብ ቆጠሩት፤ መምጣታችን ይታወቅልን ብለው ሁሉም በየተራ፣ እስከ አያት ስማቸው ድረስ አስመዘገቡ። ያ መዝገብ ግን የተናጋሪዎች ዝርዝር ነበር። አሥራ አንዱም ሳያውቁት ንግግር አድራጊዎች ሆነው ገቡ።

አዳራሹ ሞልቷል። የአካባቢው ገበሬዎች ባንድ በኩል፣ የቢልደሩ ሰዎች በሌላ በኩል ተቀምጠዋል፤ ማቲያስ ከነሱ ጋር ሱፍ ለብሶ ፎልደር ይዟል። ጋሼ ሃሪ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከማንም ሳይወግኑ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

የየሻሽወርቅ ስም ተጠራ። ማይክራፎኑ ዘንድ ቆመች። ፊት ለፊቷ ዘጠኝ የካውንስል አባላት አሉ፤ ከአጠገባቸው ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት አለ። እሷ ሰዓቱን አላየችውም። እጅ ነሳችና «እንደምን ዋላችሁ?» አለች በእንግሊዝኛ። ዘጠኙም ፈገግ አሉ። በጅምላ ሰላም ማለት ደግሞ ንቀት እንዳይመስልባት፣ ከየፊታቸው የተቀመጠውን ስም እያነበበች አንድ በአንድ ጀመረች። እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ልጆችስ?

ጠይቃም አላለፈችም፤ መልስ ጠበቀች። የመጀመሪያው ግራ ተጋብቶ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ። ሁለተኛዋ ልጇ ኮሌጅ መግባቱን ነገረቻት፤ «እሰይ!» አለቻት። ሰባተኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ገና መራመድ መጀመራቸው ነበር፤ ይህን ሲነግሯት ከልቧ ደነገጠች። እግዚአብሔር ይማርዎት አለች፤ ደረጃ እንዳይወጡ፣ ብርድም እንዳያገኘው መከረቻቸው። ዘጠነኛዋ ዘንድ ደርሳ እናታቸው በሕይወት እንዳሉ ስትጠይቅ ደወሉ ጮኸ።

ሰብሳቢዋ አዝነው «ጊዜዎ አልቋል፣ ማዳም» አሏት።

«ገና አልጀመርኩምኮ!» አለች የሻሽወርቅ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም። አራቱም ገጽ ሳይነበብ እጇ ላይ ነው። አምስት ዓመት ያለማችው መስክ፣ እጇን ያስለመዳት አፈር፣ በሰላምታ አለቀ። ቤዛዊት ያለቻት ትዝ አላት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ከማይክራፎኑ ዞር ስትል ጸሐፊዋ ቀጣዩን ስም ጠራች።

«አረጋሽ...» ከዚያ በኋላ ያለውን የአባትና የአያት ስም እንዴት አድርጋ እንዳነበበችው ይቅር።

አረጋሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ስሟ ሲጠራ ሌላ ምን ታድርግ? ወደ ፊት መጣች፤ ምን እንደሚጠበቅባት ግን አላወቀችም። መተላለፊያው ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች ተገናኙ። የሻሽወርቅ የሰላምታውን የመጀመሪያ ገጽ ትታ ሁለተኛውን ዘረጋችላት። አረጋሽ ወረቀቱን አየች፣ ጓደኛዋን አየች። መጋረጃው ምናልባት ያን ጊዜ ታይቷት ይሆናል። ሰው ግን ሸንጎ ላይ አይጣልም።

«እኔ የሷን ነው የምቀጥለው» ብላ ማንበብ ጀመረች።

ፊደል እየቆጠረች፣ በገዛ አፏ የገዛ ቤቷን እያፈረሰች አነበበች። የሻሽወርቅ ምን እንደምትዘራ፣ ለማን እንደምታቀርብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መስክ ላይ ስንት ሰው እንደሚሰበሰብ። ገጹ ሲያልቅ ጥቂት ሰከንድ ተርፏት ነበርና ከራሷ ጨመረች፤ «እኔ እዚያ መሥራት ከጀመርኩ ብለድ ፕሬዠሬ ወርዷል። ዶክተሬን ጠይቁት።» ደወሉ ጮኸ፤ አረጋሽ ላቧን እየጠረገች ተቀመጠች።

ካውንስሉ አሁን ነገሩ ገባው። ሰብሳቢዋ ዝርዝሩን ወደ ታች አዩና ተመሳሳይ ዓይነት ስሞች ተከታትለው መቀመጣቸውን ሲያዩ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። ሕጉ አንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይላል፤ አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ንግግር አያድርጉ የሚል ግን አልተጻፈም።

ቀጥሎ አቶ ንጉሡ ተጠሩ። አቶ ንጉሡ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ማይክራፎን ካዩ ብዙ ዓመት አልፏቸዋል፣ ናፍቀውታልም። ሦስተኛውን ገጽ ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካክለው ያንን የማዘጋጃ ቤቱን ታሪክ አነበቡት፤ አረንጓዴው እንዴት ቢጫ እንደሚሆንና ቢጫው እንዴት መቼም እንደማይመለስ። «እናንተ አረንጓዴውን አረንጓዴ አድርጋችሁ ለመጠበቅ ሕግ ያወጣችሁ ሰዎች ናችሁ» ይላል ገጹ። «እኔ እንዲህ ያለ ፋይል አይቼ አላውቅም። ስላየሁት ደስ ብሎኛል። እባካችሁ አታበላሹት።» የገበሬዎቹ ወገን አጨበጨበ። አቶ ንጉሡ ጭብጨባውን የራሳቸው አድርገው እጅ ነሱ።

አራተኛው ገጽ ቀረ። አራተኛው ገጽ ደግሞ በአማርኛ ነው። አማርኛ እያነበበ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ከማኅበርተኛው መካከል የለም፤ አቶ ንጉሡ ይችሉ ነበር፣ ተራቸው ግን አልፏል። የሻሽወርቅ ወረቀቱን ይዛ መተላለፊያው ላይ እንደቆመች ጸሐፊዋ ስም ጠራች።

«ማቲያስ።»

ማቲያስ ፎልደሩን ይዞ ተነሣ። ፎልደሩ ውስጥ ለታውንሃውሶቹ የሚናገረው አለ፤ ሁለት ሳምንት ተለማምዶታል፣ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ነው። ወደ ማይክራፎኑ ሲመጣ አክስቱ መንገዱ ላይ ቆማለች። በሁለት እጇ ወረቀቱን ዘረጋችለት። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችውም። የቢልደሩ ሰዎች ከኋላ ያዩታል፣ ማኅበርተኛው ከፊት። ማቲያስ ብዙ ነገር የለመደ የዘመኑ ልጅ ነው፤ ያስተማረችው ሴት እጇን ዘርግታ እያለ ማለፍ ግን አልለመደም። ፎልደሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሰብሳቢዋ ወረቀታቸውን አዩና «እርስዎ የተመዘገቡት ለለውጡ ድጋፍ ነው?» አሉ።

«አዎ። ለጊዜው ግን አስተርጓሚ ነኝ» አለ ማቲያስ።

ከዚያ በአማርኛ የተጻፈውን እያየ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረ።

«ቤት የሚፈልጉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ናቸው፣ ኪራዩ አንገታቸውን አንቋቸዋል። የሚሸጥላቸው የእህቴ ልጅ ነው።» ቆመ። «የእህቴ ልጅ ጎበዝ ነው። ታማኝ ነው፣ ሰው አይዋሽም። ግን በዚህ ነገር ተሳስቷል።» ቀና አለ። «ይቅርታ፣ ልጁ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ የሳቀው ሕዝብ! የጉልበት ታካሚው ሽማግሌ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ የቢልደሩ ጠበቃ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ማቲያስም ጆሮው እስኪቀላ ሳቀና ቀጠለ።

«ቤት ወደ ላይ ይሠራል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተዘግቶ የቀረ የገበያ አዳራሽ አለ፣ ዙሪያው ባዶ ፓርኪንግ ነው። እዚያ አሥር ፎቅ ሥሩ፣ ጓደኞቼ መኪና ሳይገዙ ይኑሩበት። ጎመን ግን አሥር ፎቅ አይወጣም። ጎመን መሬት ላይ ነው የሚበቅለው፣ መሬት ደግሞ ይኸው ያለችው ናት። ማቲያስ ልጅ ነው፣ ሌላ ቤት ይሸጣል። እኔ ሌላ መሬት የማለማበት ዕድሜ የለኝም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ወደ እሷ ዞሮ አነበበው። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ለአክስቱ መለሰላትና የራሱን ፎልደር ሳይከፍተው ተቀመጠ። ሌሎቹ ማኅበርተኞች በየተራቸው ተጠርተው «የተባለውን ብለናል» እያሉ እጅ ነስተው ተመለሱ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ካውንስሉ ድምፅ ሰጠ። ዞኑ እርሻ ሆኖ ይቆያል ተባለ። በየሻሽወርቅ ንግግር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስወሩብኝ፤ የገበሬዎቹ ማኅበር ለወራት ታግሏል፣ የካውንቲው የፕላን ባለሙያዎችም ወፍራም ጥናት አቅርበው ለውጡ ይቅር ብለዋል። የማርያም ማኅበር ግን ያሸነፈችው የሻሽወርቅ ናት ይላል፤ ከማኅበር ጋር ደግሞ አልከራከርም። ማቲያስ ራሱ መስኩ ድረስ መጥቶ ሲነግራት ቃሪያው መሐል ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። የዚያ መንገድ ጎረቤት አንዷ ሰው የተጎዳ መስሏት በፒጃማ ወጥታ ሮጠች።

ማቲያስን ቢልደሩ አሰናበተው። አላለቀሰም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፎቅ ሲሠራ ለአረጋሽ ስምንተኛው ላይ ቤት የሸጠላት እሱ ነው። መጋረጃው ገጥሟል።

የሻሽወርቅ ግን እልልታዋን ሳትጨርስ ዞር ብላ ወደ ቤቱ አየች። ጋሼ ሃሪ በረንዳቸው ላይ የሉም። እኔ አሸንፌያለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ማረፊያቸውን አጡ፤ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ አለች። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ በማግሥቱ አቶ ንጉሡ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌ ይላክልኝ አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሃሪ በራቸው ሲንኳኳ ከፈቱ። አቶ ንጉሡና ሌላው ማኅበርተኛ አቶ ዓብዩ በነጭ ጋቢ፣ ማቲያስ በመሐላቸው ለአስተርጓሚነት፣ የሻሽወርቅ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ቆመዋል። ሰውየው ክው አሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አለ ማቲያስ። «ለይቅርታ መጥተው ነው። መሬቱን እንዳይሸጡ ስላደረገች አክስቴ በድላዎታለች። ይቅር ይበሏት ነው የሚሉት።»

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

«አይቀመጡም» አለ ማቲያስ። «ይቅር ብያለሁ እስኪሉ ድረስ አይቀመጡም። ልማዳችን ነው።»

ሰማንያ ሦስተኛ ዓመታቸውን የያዙት ሰው እዚያው በራቸው ላይ እያንዳንዳቸውን ቀስ ብለው አዩዋቸው። ሳሎናቸው ውስጥ አራት ወንበሮች አሉ፤ ሦስቱ ላይ የቆዩ ጋዜጦች ተከምረዋል። ጋሼ ሃሪ ጋዜጦቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ማውረድ ጀመሩ።

«ለመሸጥ የተስማማሁት ገንዘቡን ፈልጌ አልነበረም» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧቸው። «እኔ ስሞት ይህን መሬት የሚፈልገው ቤት ሠሪ ብቻ መስሎኝ ነው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ሆኜ ሳይ፣ አሥራ አንድ ሰው ለዚህ መሬት ቆሟል።» ዞረው የሻሽወርቅን አዩዋት። «ንገራት። ይቅር ብያለሁ። የምን ይቅርታ እንደሆነ ባይገባኝም ይቅር ብያለሁ።»

መተርጎም አላስፈለገም። የሻሽወርቅ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ እሳቸውም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ የሷን መልሰው ሳሙ። አቶ ንጉሡ «ተመስገን» ብለው ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

«እንግዲህ ውል እንጻፍ» አሉ ጋሼ ሃሪ እስክሪብቶ ፈልገው። «ስንት ዓመት ትፈልጊያለሽ?»

የሻሽወርቅ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ብዙም አላሰበችም።

«ሃያ።»

ማቲያስ ልማዱ ነውና በልቡ ደመረና ደነገጠ። ጋሼ ሃሪም ደመሩ። ጣሪያውን አይተው፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጡ።

«መቶ ሦስት ይሆነኛል» አሉና ሃያ ብለው ጻፉ። «ያኔ እናድሰዋለን።»